የጉልበት ክኒኑ ከሱቅ ሲጠፋ

እማዬን ከደሴ ያመጣኋት በ2022 ኤፕሪል ላይ ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዳለስ ኤርፖርት በዊልቸር እየተገፋች ስትወጣ ደነገጥኩ። በቪዲዮ ስናወራ ሁልጊዜ ተቀምጣ ስለነበር ጉልበቷ እዚህ ደረጃ መድረሱን አላወቅኩም ነበር። ዕድሜዋ ያኔ 68 ነበር። ደሴ ደግሞ ዳገት ነው። ገበያውም ዳገት፣ ቤተ ክርስቲያኑም ዳገት። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዳገት ወደ ደረጃ አመጣኋት ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው እናቱን ወይም አባቱን ላመጣ፣ ወይም አገር ቤት «ቫይታሚን» ለሚልክ ሰው ነው። እኛ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለ ክኒኑ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የእሷም እናት ትወስደው ነበር። «የተፈጥሮ ነው፣ ቅጠላ ቅጠል ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም» አለችኝ። ያየችውን ነው የነገረችኝ፣ ክፋት የላትም። ክኒኑ የሚሸጠው ከላቲን አሜሪካ የሚመጣ ዕቃ የሚይዝ አንድ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ከሻማና ከቅመም ጎን ነበር። የሱቁንም የክኒኑንም ስም አልጽፍም። ብልቃጡ ላይ ግሉኮሳሚን፣ ኮላጅን፣ ቫይታሚን ሲ እና እርድ ይላል። እርድ የሚለውን ሳይ ልቤ አረፈ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ አልጫ የሠራችበት እርድ ምን ያደርጋታል?

ሜይ ላይ ጀመረች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በሦስተኛው ቀን ደረጃውን ማንም ሳይደግፋት ወረደች። በሁለተኛው ሳምንት ብቻዋን ወጥታ ሱቅ ደርሳ መጣች። ኦገስት ላይ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ለስንት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታስቀድስ የኖረች ሴት ጉልበቷን አጥፋ ሰገደች። ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ። «ተመስገን፣ ልጄ ናት ያዳነችኝ» ስትል ለሰው ሁሉ ተናገረች። ለእኔም ከዚያ በላይ ደስታ አልነበረም።

ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሐኪም በኋላ የነገረችኝን ዛሬም አልረሳውም። ግሉኮሳሚንም እርድም በሦስት ቀን እንዲህ ያለ ጉልበት አያስነሡም። ቫይታሚን ተብሎ የተሸጠ ነገር እንደ ሆስፒታል መርፌ ከሠራ፣ ውስጡ የሆስፒታል መድኃኒት ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ምልክቶቹ አንድ በአንድ መጡ። እኛ ግን ሁሉንም እንደ በረከት ቆጠርናቸው። ፊቷ ሞላ፣ ክብ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ያገኙን እናቶች «አሜሪካ ተስማማሽ!» ይሏት ነበር። በእኛ ዘንድ ፊት መሙላት የጤና ምልክት ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ምግብ በጣም ትወድ ጀመር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት፤ እሷ ግን ለጸሎት ስለተመቻት አላማረረችም። እጇ ላይ ሳትመታ ሰማያዊ ቁስል ይወጣባት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ለግፊቷ ክትትል ክሊኒክ ስወስዳት ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአገር ቤት ስትመጣ የስኳር ወሬም አልነበረባት።

ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። እያስተረጎምኩ ያለሁት እኔ ነኝ። እማዬን እንኳ አልጠየቅኳትም። «የለም፣ ቫይታሚን ብቻ ነው» ብዬ በራሴ መለስኩ። ሐኪሙም ጻፈና አለፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መልሼ ልኖራት የምመኘው ደቂቃ ብትኖር እሷ ናት። ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አዲስ ብልቃጥ ልገዛ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሻጯን ስጠይቃት «አለቀ፤ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» አለችኝ። ሌላም ሱቅ ሞከርኩ፣ የለም። ማንም ለምን እንደጠፋ አልነገረኝም። እኔም የመሰለኝ የዕቃ እጥረት ነው። እማዬ ቤት ያለውን አብቃቅታ ወሰደችና ከአሜሪካኖቹ የታንክስጊቪንግ በዓል በፊት ባለው ሰኞ የመጨረሻዋን ፍሬ ዋጠች።

ረቡዕ ደከመኝ አለች። ሐሙስ ምግብ አልፈልግም ብላ ተኛች። የዚያን ቀን ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር አለመብላቷ አላስደነገጠኝም። ዓርብ ጠዋት አስታወካት፣ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትሞክርም ወደቀች። ፊቷ በላብ ርሷል። ስጠራት የምትመልሰው ከሩቅ ነው። 911 ደወልኩ። አምቡላንሱ ውስጥ ግፊቷን ሲለኩ ከልክ በላይ ወርዶ ነበር። የግፊት በሽተኛ ናት ብዬ የማውቃት እናቴ፣ ግፊቷ ወርዶ ልትሞትብኝ ነው። ስኳሯም እንደዚያው ወርዷል።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም ያንኑ መልስ ሰጠሁ። እሷ ግን እንደ መጀመሪያው አላለፈችውም። «የትኛው ቫይታሚን? ብልቃጡን ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

እዚህ ላይ የእማዬ ባሕርይ አተረፋት። እማዬ ክዳን ያለው ዕቃ አትጥልም። ወንድሜን ደውዬ ኩሽና ግባ አልኩት። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ብልቃጥ ይዞ መጣ። ጥቁር አዝሙድ ተሞልቶበታል። ሐኪሟ አዝሙዱን ወረቀት ላይ ገልብጣ ጽሑፉን አነበበች፣ የእማዬን ፊት አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቁስል አየች። ከዚያ ደም አስቀድታ ኮርቲሶል የሚባለውን እንዲለኩ አዘዘች። ውጤቱ በጣም ዝቅተኛ ነበር።

ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ከኩላሊታችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶልን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ያለ ኮርቲሶል ግፊትም፣ ስኳርም፣ አቅምም አይቆምም። አንድ ሰው ስቴሮይድ የሚባለውን የመድኃኒት ዓይነት ለሳምንታትና ለወራት ሲወስድ፣ ሰውነቱ «ኮርቲሶል ከውጭ እየመጣልኝ ነው» ብሎ የራሱን ምርት ያቆማል። ዕጢዎቹ ይተኛሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ከውጭ የሚመጣውም የለ፣ ከውስጥ የሚመረተውም የለ። ሰውየው ይዝለፈለፋል። ካልተደረሰለት ይሞታል።

ስቴሮይድ ፊት ያሞላል፣ ቁርጥማትን ፀጥ ያደርጋል፣ ስኳር ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቆዳ ያሳሳል። የእማዬን ስድስት ወር አንድ በአንድ የምትተርክልኝ መሰለኝ።

የእማዬን ክኒን ላብራቶሪ የመረመረው የለም፤ አንድም ፍሬ አልቀረንም። ሐኪሟ ግን የደም ውጤቷንና ምልክቶቿን አይታ አልተጠራጠረችም። ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ክኒን ታሪክ በዚያው ዓመት በይፋ የታወቀ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ሁላችንም ኤፍዲኤ የምንለው፣ በጃንዋሪ 2022 አርትሪ አሆ ኪንግ ስለሚባል የመገጣጠሚያ ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንደ ቫይታሚን ስለሚሸጥ ክኒን፣ አስጠንቅቆ ነበር። ሲመረመር ጽሑፉ ላይ ያልተጠቀሰ ዳይክሎፌናክ ተገኘበት። አገር ቤት «ዲክሎ» የምንለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ኤፕሪል ላይ ማስጠንቀቂያው ሰፋ። በአርትሪና በኦርቲጋ ስም በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል ብርቱ ስቴሮይድና ሜቶካርባሞል የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ተገኘ። ኦክቶበር ላይ ኤፍዲኤ በድጋሚ አስጠነቀቀ፣ ለትልልቅ ሻጮችም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። የሞትና የከባድ ጉዳት ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር።

የእማዬ ብልቃጥ ስሙ ሌላ ነው። መልኩና የተጻፈበት ነገር ግን የወንድምና የእህት ያህል ይመሳሰላል። ያን ወር መደርደሪያው ባዶ የሆነው በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ ማረጋገጥ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልቤን ያቃጥለዋል። ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያው ላይ «እነዚህን ምርቶች ስትወስዱ ከቆያችሁ በድንገት አታቁሙ፣ ሐኪም አማክሩ» ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር። እማዬን የጣላት ያ ዓረፍተ ነገር እኛ ጋ አለመድረሱ ነው። ዕቃው ከሱቅ ሲነሣ ማንም ሰው አጠገቡ ወረቀት አልለጠፈም። የወሰዱት እናቶች ቤት ማንም አልደወለም። መንግሥት ክኒኑን ከመደርደሪያ ሲያነሣ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ክኒኑን የለመደው ሰው ግን አደጋው የሚጀምረው ያኔ ነው።

እንዴት ነው እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ የሚሸጠው ብዬ በጣም ተናድጄ ነበር። አሜሪካ እኮ ነው፣ አንድ እሽግ ምግብ ሳይፈተሽ አይገባም ብዬ ነው የማስበው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1994 የወጣ ሕግ ሰፕሊመንትን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ነው የሚያየው። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ኤፍዲኤ ይመረምረዋል፣ ይፈቅደዋል። ሰፕሊመንት ግን ፈቃድ አያስፈልገውም። ደኅንነቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የአምራቹ ነው። መንግሥት የሚደርሰው ዕቃው ከተሸጠ፣ ሰው ከታመመ፣ ሪፖርት ከመጣ በኋላ ነው። ብልቃጡ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል «ይህ አባባል በኤፍዲኤ አልተገመገመም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ።

በኋላ መድረስ ምን ያህል እንደሚዘገይ እዚሁ አጠገባችን ምሳሌ አለ። በ2003 የባልቲሞር ኦሪዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር ልምምድ ላይ ሙቀት መትቶት በ23 ዓመቱ ሞተ። ክብደት ለመቀነስ ኤፌድራ የሚባል ተክል ያለበት ሰፕሊመንት ይወስድ ነበር። ስለ ኤፌድራ ቅሬታው ከዚያ በፊትም ለዓመታት ሲከማች ነበር። ኤፌድራ የታገደው በ2004 ነው።

እኔ የመገጣጠሚያውን ክኒን አነሣሁ እንጂ መድኃኒት በመደበቅ የታወቁት ሌሎቹ ናቸው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2016 ያልተጻፈ መድኃኒት ያገኘባቸውን ሰፕሊመንቶች ቆጥሮ 776 አግኝቷል። ከመካከላቸው በፈቃደኝነት ከገበያ እንዲሰበሰቡ የተደረጉት ከግማሽ ያነሱት ናቸው። አብዛኞቹ የወንድ ኃይል እንጨምራለን የሚሉና ክብደት እንቀንሳለን የሚሉ ነበሩ። የክብደቶቹ ውስጥ ሲቡትራሚን ይገኛል። ልብንና ደም ሥርን ስለሚጎዳ በ2010 ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። የወንዶቹ ውስጥ ቫያግራ ውስጥ ያለው ሲልዴናፊል ይደበቃል። ነዳጅ ማደያ ካሸር አጠገብ በነጠላ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ይህን ቢውጥ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ወንዶች ደግሞ ይህን ለሚስታቸውም አይናገሩም። እባካችሁ ቢያንስ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። ሐኪም ምስጢር ጠባቂ ነው።

እማዬ አምስት ቀን ተኛች። በደም ሥር ስቴሮይድ ሰጧት። አዎ፣ ያጠፋትን ዓይነት መድኃኒት መልሰው ሰጧት፤ ሰውነቷ ያለ እሱ መቆም ስላልቻለ ነው። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ መጠኑን እየቀነሱ፣ ደሟን እየለኩ፣ ዕጢዎቿ እስኪነቁ ስምንት ወር ፈጀ። ስኳሯ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊቷም ወደ ራሷ ፊት ተመለሰ። የጉልበቷ ሕመምም አብሮ ተመለሰ። አሁን ፊዚካል ቴራፒ ትሄዳለች፣ ምርኩዝ ትይዛለች፣ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «ያ ክኒን ግን ደግ ነበር» አለችኝ። ምን ልበላት? ለእሷ በእርግጥ ደግ ነበር። መስገድ መልሶላት ነበር።

አሁን የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወላጅ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ የሚውጡትን ሁሉ፣ ሻዩንም፣ ቅባቱንም፣ «ቫይታሚኑንም» በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። በቃል አትናገሩ፣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። እኔ እንደ አስተርጓሚ የመሰለኝን አሳጥሬ መለስኩ። ብትችሉ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነፃ ነው፣ እናንተም ልጅ ብቻ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ።

አንድ ሰፕሊመንት በጥቂት ቀን ተአምር ከሠራ ጠርጥሩ። ሲያቆሙት ሕመሙ በብርቱ ከተመለሰ ወይም ሰውየው ከተዝለፈለፈ የበለጠ ጠርጥሩ። ለወራት የወሰደ ሰው ካለ «ጣይው» አትበሉት። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ደውሎ «አሁኑኑ አቁሚ!» ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ብልቃጡን አሳዩ፣ «ውስጡ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል ብዬ ፈራሁ» በሉ። አስታወከው፣ ግራ ተጋባ፣ መቆም አቃተው ካላችሁ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የምርቱን ስም ኤፍዲኤ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ስሙ ካልተገኘ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ገና አልተመረመረም ማለትም ሊሆን ይችላል። ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ ከሚባሉ መርማሪ ድርጅቶች የማረጋገጫ ምልክት ያለበት የተሻለ ነው። ያ ምልክት ያድናል ማለት አይደለም፤ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን ነው የሚያረጋግጠው። ጉዳት ከደረሰ ሜድዎች ለሚባለው የኤፍዲኤ የሪፖርት መቀበያ በ1-800-332-1088 ደውሉ። እኔ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ዜግነትም ሆነ ወረቀት አልጠየቁኝም። መርዝ ነገር የተወሰደ ከመሰላችሁ ደግሞ 1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ ስልክ ጥቆማ ይቀበላል።

አገር ቤት ካነሣሁ አይቀር፣ የቀረውንም መናገር አለብኝ። ኦክቶበር ላይ አንድ ዘመዳችን ወደ ደሴ ሲሄድ ለታላቅ አክስቴ ሁለት ብልቃጥ ልኬላቸው ነበር። እማዬ ናት «ለእኅቴም ይድረሳት» ያለችው። አንዱ ብልቃጥ 50 ፍሬ ነው። ሻንጣ ውስጥ ከጫማና ከቸኮሌት ጋር ገባ፤ ማን ይፈትሸዋል? አሜሪካ ገበያ ውስጥ ሲታደን የነበረው ዓይነት ክኒን በእኔ እጅ ደሴ ደረሰ።

ከሆስፒታል ኮሪደር ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ያንን ክኒን እየወሰዱ ነው?» አልኩ። «እንዴታ! ጉልበቴ ልጅ ሆነልኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ። ስንት እንደቀረ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ለብቻዬ እበላዋለሁ እንዴ? ለማኅበርተኞቼ አካፈልኳቸው» አሉ። አሥር አሥር ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ለጽዋ ማኅበር ጓደኞቻቸው ሰጥተዋል። ስኳር ያለባት አለች፣ የጨጓራ ቁስለት ያለባት አለች። ለጨጓራ ቁስለት ዲክሎ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሟ የነገረችኝ ገና ያን ቀን ነው፤ ደም ያስተፋል።

አክስቴ አልተቆጡኝም። በነጋታው የአጎቴን ልጅ አስከትለው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ ባዶውንም ፍሬ የቀረበትንም ብልቃጥ ይዘው። ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዳገት። ከስድስቱ እናቶች አምስቱን አገኟቸው። ሦስቱ ገና አልጀመሩትም ነበር፤ ወረቀቱን እንደተጠቀለለ መለሱላቸው። ሁለቱ ጨርሰውት ነበር፣ ደኅና ናቸው። ስድስተኛዋ ልጃቸውን ለመጠየቅ ኮምቦልቻ ወርደዋል። አክስቴ በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ይዘው ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ማታ ላይ ከመናኸሪያው ደውለው «አገኘኋት፣ አራት ቀርቷታል» አሉኝ።